የሸፈተው ልቤና የጉቴው ሽማግሌ

ስለ ልብ ከኔ በላይ አውቃለሁ የሚል ሰው ካለ እሱ የልብ ሐኪም መሆን አለበት። ነቀምቴ ላይ አማርኛ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ በነዚህ ዓመታት ልብን ያላነሳሁበት ወር ያለ አይመስለኝም። ልበ ሙሉ፣ ልበ ደንዳና፣ ልበ ቢስ፣ ልብ አውልቅ፤ ልቡ አበጠ፣ ልቡ ተሰበረ፣ ልቡ ሸፈተ። ጠመኔው ተቆራርሶ እስኪያልቅ ሰሌዳው ላይ እዘረዝራለሁ። ልጆቹ በቤታቸው ኦሮምኛ ነው የሚናገሩት፤ እኔ ደግሞ ፈሊጣዊ አነጋገር ካላወቃችሁ አማርኛ አወቅን አትበሉ እያልኩ አስጨንቃቸዋለሁ። ያን ሁሉ ስዘረዝር ግን ደረቴ ውስጥ ያለውን ዋናውን፣ ቡጢ የሚያህለውን ሥጋ፣ እንዴት ነህ ብዬው አላውቅም። እሱም አስቸግሮኝ አያውቅም። ተከባብረን ነበር የምንኖረው።

መከባበሩ የፈረሰው በሰላምታ ምክንያት ነው። ነቀምቴን የማያውቅ ሰው ሰላምታ በሽታ ያጋልጣል ብለው አያምነኝም። እኛ ከተማ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ እጅ አውለብልቦ መተላለፍ የለም። «አከም ጅርቱ»፣ እንዴት ናችሁ፣ ይባላል፤ «ፈያ?»፣ ደህና ነው ወይ፣ ይባላል፤ ከዚያ ልጆች፣ የልጆች እናት፣ የእናትየዋ እናት፣ ጎረቤት፣ ከብት፣ ዝናብ። አንዱን የዘለለ ሰው ወይ ተጣልቷል፣ ወይ ብድር ሊጠይቅ ነው። አባቴ ከደብረ ማርቆስ በንግድ መጥቶ እዚህ ሲቀር መጀመሪያ የለመደው ይህንኑ ነው፤ እኔም እዚሁ ተወልጄ በጡት የጠባሁት ይህንኑ ነው።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ከገበያ ዳገቱን ስወጣ የአንድ ተማሪዬን አባት አገኘሁ። ጀመርን። ልጆቹን ጠየቅኩ፣ ሚስቱን ጠየቅኩ፣ አማቱን ጠየቅኩ፤ ወደ ከብቶቹ ስደርስ «ሎን...» ብዬ ቀረሁ። ትንፋሼ አለቀ። ከገበያ እግሯን ታስራ የመጣች ዶሮ ደረቴ ውስጥ የምትንፈራገጥ መሰለኝ። ሰውየው ከአፌ የሚወጣውን ጠበቀ። አልወጣም። ፊቴ ደግሞ ላብ በላብ ሆኗል።

«ሎን ማል ተኤ?» አለኝ ደንግጦ፤ ከብቶቹ ምን ሆኑ ማለቱ ነው።

እጄን አወዛወዝኩ። ምንም አልሆኑም ማለቴ ነበር፤ እሱ ግን አልቀዋል ብሎ ተረጎመው። ስልኩን ከኪሱ እያወጣ ወደ ታች ሮጠ። ከብቶቹ ደህና መሆናቸውን በሰኞው አረጋግጦ እስካሁን አኩርፎኛል። እኔም አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ የሰው ከብት በትንፋሼ መግደሌን እያሰብኩ፣ ነገሩን ለሐኪም ማሳየት እንዳለብኝ አመንኩ።

ክሊኒክ ስገባ የተቀበለኝ ሐኪም ገመቹ ነው። ገመቹን አሥረኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። ዛሬ ትልቅ ዶክተር ሆኗል፤ ስልኬ ላይ ግን እንደሌሎቹ ተማሪዎቼ «ገመቹ 10ኛ ለ» ተብሎ ነው የተመዘገበው። ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጥፎ ከማሽኑ የወጣውን ረጅም ወረቀት ማየት ጀመረ። ስንት ዓመት ሙሉ ወረቀት ሳርም ፊቴን ሲያጠኑ የነበሩት ልጆች ምን ይሰማቸው እንደነበር ያን ቀን ገባኝ። ውጤቱ ጥሩ እንዳልሆነ ቅንድቡ ላይ አየሁ።

«ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይባላል» አለኝ።

የጣሊያን የጭነት መኪና ስም መሰለኝ። እንዳልገባኝ ሲያይ አፈረ። «ይቅርታ ቲቸር፤ ለርስዎ በፈረንጅ አፍ ማስረዳት ነውር ነው» አለና ትንሽ አሰበ። ከዚያ ፊቱ በራ።

«ልብዎ ሸፍቷል።»

እንግዲህ እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ገመቹ አሥረኛ ክፍል ሳለ «ልቡ ሸፈተ ማለት ምን ማለት ነው?» ብዬ በፈተና ጠይቄ ነበር። መልሱ ሌላ ወደደ፣ ከትዳሩ ወይም ከፍቅሩ ወጥቶ ሌላ ተመኘ ነው፤ ይህን አማርኛ አፉን የፈታ ሁሉ ያውቀዋል። ገመቹ «የልብ ሕመም ያዘው» ብሎ ጻፈ። በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩበት። አሁን ያ ልጅ ነጭ ጋውን ለብሶ፣ ማዳመጫ አንገቱ ላይ ጥሎ፣ የያኔውን መልሱን መልሶ ሰጠኝ። ላርመው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ትንፋሽ አልነበረኝም፤ ደግሞም እውነቱን ለመናገር አገላለጹን ወደድኩት።

እሱም መውደዴን አይቶ ቀጠለ። የልብ የላይኛው ክፍል ለታችኛው ትእዛዝ የሚሰጥ አንድ መሪ አለው አለኝ። የኔ መሪ አሁን የሚሰማው አጥቷል፤ እዚህም እዚያም ሌሎች ተነስተው የየራሳቸውን ትእዛዝ ይሰጣሉ፤ ልቤም የማንን እንደሚሰማ ግራ ገብቶት ይንቀጠቀጣል። በዚህ መሃል ደም ይረጋል። የሚረጋው ልብ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ኪስ ውስጥ ነው። ልቤ ኪስ እንዳለው ያን ቀን ሰማሁ። የመምህር ኪስ ደግሞ ባዶ ነው ብዬ ልቀልድ ስል ገመቹ አልሳቀም።

«የረጋው ደም ተነስቶ ወደ አንጎል ከሄደ አንደበትዎን ሊወስደው ይችላል ቲቸር። እጅዎንም። ከዚያም የባሰ ሊሆን ይችላል።»

ቀልዴን ዋጥኩት። ሃያ ስድስት ዓመት የኖርኩት በአንደበቴ ነው። ከሱ ሌላ ያፈራሁት ንብረት የለም።

ደም የሚያቀጥን ኪኒን አዘዘልኝ፤ ከመድኃኒቱ ጋር ስለሚጣላ ጎመን እንዳላበዛ ነገረኝ። ኪኒኑ ግን ልቤን አያስተካክለውም። የሚያስተካክለው ቀዶ ሕክምና ነው። አዲስ አበባ ሰብለ የምትባል፣ አብራው የሠራች የልብ ቀዶ ሐኪም አለች። ደረት አትከፍትም። ጎድንና ጎድን መሃል ትንንሽ ቀዳዳ ታበጅና ካሜራና ቀጭን መሣሪያ አስገብታ፣ ያለ ፈቃድ የተከፈቱትን መንገዶች ታቃጥላለች፤ ያችን ኪስም ትዘጋታለች።

«ታቃጥላለች?» አልኩት።

«ታቃጥላለች።»

ልቡ ተቃጠለ የሚለውንም ያኔ በሌላ ሳምንት አስተምሬ ነበር። እሱንም በዚሁ ትርጉም የመለሰልኝ ተማሪ እንዳይኖር ፈርቼ አልጠየቅኩም።

ወደ ቤት ስሄድ ባለቤቴ ለሊሴን እንዴት አድርጌ እንደምነግራት እያሰብኩ ነበር፤ በሩ ላይ ስደርስ እንዳልነግራት ወሰንኩ። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት እንዳትደነግጥ የሚል ነው። እውነተኛው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ለሊሴ ከከተማችን ወጣ ብላ ያለችው የጉቴ ልጅ ናት፤ ግብርና ቢሮ ስትሠራ አንድ ደብዳቤ ጠረጴዛዋ ላይ አያድርም ይባልላታል። እሷ ካወቀች እኔ በማግስቱ አዲስ አበባ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቻለሁ። እኔ ደግሞ ፈርቻለሁ። ይኸው ነው። ለመርፌ እንኳ ፊቴን የማዞር ሰው ነኝ።

ስለዚህ መደበቅ ጀመርኩ። መደበቅ ምን ያህል ሥራ እንዳለው የማያውቅ ሰው ይሞክረው። ኪኒኑን መዝገበ ቃላት ውስጥ ሸጎጥኩት፤ ቤታችን ውስጥ ከኔ በቀር የሚከፍተው የለም። ገመቹ በየቀኑ «ወሰኑ?» እያለ ሲደውል ግቢያችን ያለው አቮካዶ ዛፍ ሥር ሄጄ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አወራዋለሁ። ጎመንን በተመለከተ ዶክተሩ አያብዙ ነው ያለው፤ እኔ ግን ፈሪ ስለሆንኩ ጭራሹን ተውኩት። ለሊሴ ጎመን ስታቀርብ «ጠግቤያለሁ» እላለሁ። ጠግቤያለሁ የሚል ባል ደግሞ የት በልቶ እንደጠገበ መጠየቁ አይቀርም። እሷ አልጠየቀችኝም። ያለመጠየቋን እንደ ዕድል ቆጠርኩት። ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ኖሬ እንደዚያ ማሰቤ ሞኝነቴን ያሳያል።

አንድ ቅዳሜ ደግሞ ሸሚዜን ቀይሬ፣ ጫማዬን ጠርጌ፣ ሚኒባስ ተሳፍሬ ዲጋ ወረድኩ። «የት ነው?» አለችኝ። «ሰው ልጠይቅ» አልኳት። ሰውየው ኦቦ ቶለራ ይባላሉ፤ ኦቦ አቶ ማለት ነው፤ ከዓመታት በፊት በሌላ የልብ በሽታ ደረታቸው ተከፍቶ የዳኑ ጡረተኛ ናቸው። የመጣሁበትን ስነግራቸው ሳይለምኑ ሸሚዛቸውን ገለጡት። ጠባሳው ከአንገታቸው ሥር ተነስቶ ሆዳቸው አፋፍ ድረስ ይወርዳል። ወንበሩን ያዝኩ።

«አይዞህ ባርሲሳ» አሉኝ፤ እዚህ አገር መምህር እንዲህ ነው የሚባለው። «የኔ ዚፕ ነው። አንተ የነገርከኝ ግን ቁልፍ ነው፤ ሦስት አራት ቁልፍ። ዚፕ የቻለ አለ፣ አንተ ለቁልፍ ትፈራለህ?»

ይህ አነጋገር ለሁለት ቀን አበረታኝ። ሦስተኛው ቀን ላይ ፍርሃቴ ተመልሶ መጣ። መጀመሪያ ፈተና አርሜ ልጨርስ አልኩ። ከዚያ ክረምቱ ይውጣ አልኩ። ለዶክተር ሰብለ ግን፣ ገመቹ ስለጨቀጨቀኝ፣ አንድ ጊዜ ደወልኩላትና የደረቴን ፎቶ ላክሁላት። ሴትየዋ ረጋ ያለች ናት። «ይመቻል» አለችኝ፤ «እርስዎ ብቻ ይወስኑ።»

አልወሰንኩም። ባለመወሰኔ ትዕግሥቱ ያለቀው ገመቹ አንድ ሐሙስ መልእክት ጻፈልኝ። እኔ ውጭ ጢሜን እየተላጨሁ ነበር፤ ስልኩ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ለሊሴ ደግሞ ጠረጴዛውን እየወለወለች ነበር። መልእክቱን በኋላ ደጋግሜ አንብቤዋለሁና ቃል በቃል ልጥቀስ።

«ክቡር ቲቸር፤ ልብዎ መሸፈቱን ለወይዘሮ ለሊሴ መንገር አለብዎ። እስከ መቼ ይደብቋታል? ዛሬም ከሰብለ ጋር ስለርስዎ ተነጋግረናል። እርስዎን ለመቀበል ዝግጁ ናት። እመኑኝ፣ ልብዎን የምታሳርፈው እሷ ብቻ ናት። እርስዎ ካልነገሯት እኔ እነግራታለሁ።»

አንድም የፊደል ስህተት የለውም። እንደ አስተማሪ ኮርቼበታለሁ።

ለሊሴ አንብባ ስልኩን እንደነበረ አስቀመጠችው። ያን ቀን የቀረበልኝ ምሳ ጎመን አልነበረም፤ ምንም አልነበረም። በማግስቱ ፈቃድ ጠይቃ ወደ ጉቴ ሄደች። ስትመለስ «እሑድ እንግዳ አለብን» አለችኝ። ገመቹ ነግሯት መሆን አለበት ብዬ ደመደምኩ። እንዲያውም ቀለል አለኝ። ነገሩ ከኔ እጅ ወጣ፤ ዘመዶቿን ሰብስባ ለሕክምናው ልትገፋፋኝ ነው አልኩ። ለዚህ ተዘጋጀሁ። ንጹሕ ሸሚዝ ለበስኩ። ያም ስህተት ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች መጡ። አንዱ ኦቦ ጉዲና ናቸው፤ የለሊሴ የእናቷ ወንድም፣ የጉቴ ቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ ከዚያ አካባቢ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የሌለ ሰው። ሁለተኛው ጋሽ አያሌው ናቸው፤ የአባቴ ጓደኛ የነበሩ የጨርቅ ነጋዴ፣ ለኔ እንደ አባት የሚቆጠሩ። ሽምግልና ከሁለቱም ወገን መሆን አለበትና እሳቸው በኔ ወገን ተጠርተው ነው። ይህን ያኔ ባስተውል ኖሮ ከብዙ ነገር እተርፍ ነበር። ለሊሴ ሻይ አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች፤ መጋረጃው ሲወዛወዝ ቆይቶ ቆመ፤ ከኋላው እንዳለች አወቅሁ።

ኦቦ ጉዲና ጸለዩ። «የወጣውን የምትመልስ፣ የተለያየውን የምትገጥም» እያሉ ሲጸልዩ ስለ ልቤ መስሎኝ እንባዬ መጣ። ጋሽ አያሌው እንባዬን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሶዳ» አሉኝ ኦቦ ጉዲና። ይህ ቃል በኦሮምኛ ጠብቆ ሲነበብ አማች ነው፤ ላልቶ ከተነበበ ደግሞ ፍርሃት ይሆናል። ፊደላችን ማጥበቂያ ስለሌለው ሲጻፍ አይለይም። እኔ በዚያ ወንበር ላይ ሁለቱንም ነበርኩ። «ልብህ ሸፍቷል ሲባል ሰምተናል። እውነት ነው ወይስ ሐሰት ነው?»

«እውነት ነው» አልኩ።

ጋሽ አያሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አይክድም እንኳ።»

«ለምን እክዳለሁ? መጀመሪያውኑ መደበቄ ጥፋት ነበር።»

«ከመቼ ወዲህ ነው?» አሉ ኦቦ ጉዲና።

«ከታወቀኝ ሁለት ወር ነው። ሳይታወቀኝ ግን ዓመት ሳያልፈው አይቀርም ተብያለሁ።»

«በዚህ ዕድሜህ።»

«በዚህ ዕድሜ ነው የሚብሰው ይላሉ። ወጣት ላይ ብዙም አይታይም።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ኦቦ ጉዲና በአማርኛ ይጀምሩና ሲቆጡ በኦሮምኛ ይጨርሳሉ፤ ገና አማርኛው ላይ ስለነበሩ ሁሉም ነገር ደህና ነው ብዬ አስቤ ነበር። «ይህች ሰብለ የተባለችውን አግኝተሃታል?»

«በአካል ገና ነኝ። በስልክ አውርተናል። ፎቶም ልኬላታለሁ።»

«የምን ፎቶ?»

«የደረቴን ነዋ። ሸሚዜን አውልቄ የተነሳሁትን።»

ጋሽ አያሌው የያዙትን ሻይ አስቀመጡ። «አባትህ እንኳን አልሰማ» አሉ በዝግታ። እኔ አባቴ በሕይወት ኖሮ መታመሜን ቢሰማ ያዝን ነበር ማለታቸው መሰለኝና «አዎ፣ ምስኪን» አልኩ።

«እሷስ ምን አለችህ?» አሉ ኦቦ ጉዲና።

«አይታው ይመቻል አለች። ነገሩ ከባድ አይደለም፤ ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ነው። እኔ እንደሆነ ተኝቼ ነው፣ ምንም አይሰማኝም። ከጥቂት ቀን በኋላ ወደ ቤትህ ትመለሳለህ ተብያለሁ።»

«ትመልሰዋለች» አሉ ጋሽ አያሌው ወደ ኦቦ ጉዲና ዞረው። «ተጠቅማ ልትመልሰው ነው።»

«እጇ ጥሩ ነው» አልኩ፤ ሴትየዋን ማስጠርጠር አልፈለግሁም። «ብዙ ሰው በእጇ አልፏል። አንድም የሚያማርር አልሰማሁም። እኔ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ለሊሴ አብራኝ ትሂድ። እጄን ብትይዘኝ ይቀለኛል። ልጃችን ሲፈንም ከጅማ ብትመጣ ደስ ይለኝ ነበር።»

ኦቦ ጉዲና ተነስተው ቆሙ። አማርኛው አለቀ። በኦሮምኛ የተናገሩትን ሁሉ አልጽፈውም፤ ግማሹ ስለኔ ነው፣ ግማሹ የእህታቸውን ልጅ ለአስተማሪ ስለሰጡበት ቀን ነው። መጨረሻ ላይ ጣታቸውን ደረቴ ላይ ደግነው «ኦኔን ኬ ኤሰ ጅረ?» አሉኝ። ልብህ የት ነው ያለው ማለታቸው ነው።

በኦሮምኛ ለጠየቀ በኦሮምኛ መመለስ አለብኝ። አማርኛዬ እንደ ቤት ዕቃ ሞልቶ የተትረፈረፈ ነው፤ ኦሮምኛዬ ግን የገበያና የሰላምታ ነው፤ ፈሊጥ የሚባል ነገር አልያዝኩበትም። ያለኝን ቃል አወጣሁ።

«ኦኔን ኮ ነ ዹኩበ» አልኩ። ልቤን ያመኛል። ከዚያም ሳላስበው «ነን ሶዳዸ» አልኩ። ፈርቻለሁ።

በአማርኛ ሁለት ወር ሙሉ ለሚስቴም ለራሴም ያላልኩት ነገር በስድስት የኦሮምኛ ቃል አለቀ። ኦቦ ጉዲና ጣታቸውን ከደረቴ ላይ አነሱ። «ያምሃል?» አሉ በአማርኛ። ኪኒኑን ከመዝገበ ቃላቱ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። የማሽኑን ወረቀትም አመጣሁ። ገመቹ ማን እንደሆነ፣ ሰብለ ማን እንደሆነች፣ ፎቶውም የራጅ ፎቶ እንደሆነ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሽማግሌዎቹም እኔ ስለ ምን የመጡ መስሎኝ እንደነበር፣ እነሱም ስለ ምን እንደመጡ ነገሩኝ። ጋሽ አያሌው ሊስቁ ጀምረው መጋረጃው ሲገለጥ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

ለሊሴ ወጣች። ስታለቅስ የቆየች ሴት ናት፤ አሁን ግን ዓይኗ ደርቋል። ምንም ሳትለኝ መዳፏን ደረቴ ላይ አደረገች። እዚያ ያለውን ሰማች። አንዴ ቶሎ ቶሎ፣ አንዴ ቆም፣ ከዚያ ደግሞ ሦስት ባንድ ላይ።

«አባ ሲፈን» አለችኝ፤ በልጃችን ስም ነው የምትጠራኝ። «ምነው ሴት በሆነች።»

ጋሽ አያሌው እጃቸውን ከአፋቸው አወረዱ።

«ሴት ብትሆን ኖሮ አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ በጸጉሯ አወጣት ነበር። ይሄን በምን ልያዘው?»

ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር ትወደኛለች ብዬ አስቤ አላውቅም ማለቴ አይደለም፤ አስቤ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን በመዳፏ በኩል ሰማሁት። አፍሬ ወደ መሬት አየሁ። ከሸሚዜ ሥር የሚንፈራገጠውን እሷ በአንድ እጇ ይዛ ለማቆም ትሞክር ነበር።

«ተቀመጡ» አሉ ኦቦ ጉዲና። «ሽምግልናው አላለቀም።»

ሽማግሌ ተሰብስቦ ያለ ፍርድ አይበተንም፤ ሻይ ተጠጥቷል፣ ጸሎት ተደርጓል። ሁለቱ ጥግ ሄደው ተንሾካሾኩ። ተመልሰው ሲመጡ ፍርዳቸው አጭር ነበር። ሌላ ሴት በመውደድ ከተከሰስኩበት ነጻ ነኝ። ሕመምን ከሚስት በመደበቅ ግን ጥፋተኛ ነኝ፤ ቅጣቴም አሁኑኑ፣ እዚሁ፣ ሁሉም እየሰማ ለዶክተሯ መደወል ነው።

«ፈተና አለብኝ፤ አርሜ...» አልኩ።

«ደውል» አሉ ጋሽ አያሌው፤ በኔ ወገን የተጠሩት እሳቸው ናቸው።

ደወልኩ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ዶክተር ሰብለ አነሳች፤ ስሜን ጠርታ «ወሰኑ እንዴ?» አለችኝ። አፌን ከፈትኩ፣ ምንም አልወጣም። በትንፋሽ ማጠር አይደለም፤ በፍርሃት ነው። ኦቦ ጉዲና ይህን አይተው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ የሚስቱ አጎት ነኝ። እሱ እስኪናገር እኔ ልጠይቅሽ። አከም ጅርታ? ፈያ? ቤተሰብ ደህና ነው? እዚያ ዝናብ አለ?» ዶክተሯ ሁሉንም በተራ መለሰች፤ ከብት እንደሌላት ሁሉ ተናገረች። «እንግዲህ ንገሪኝ። ይድናል ወይ?»

«አባቴ፣ ዋስትና ልሰጥዎት አልችልም» አለች ዶክተሯ። «ለብዙዎቹ ልባቸው ወደ ምቱ ይመለሳል። ተመልሶ የሚረበሽባቸውም አሉ፤ ያኔ እንደገና እናያለን። ቢላ የሚነካው ነገር ሁሉ አደጋ አለው፤ አልዋሽዎትም። ዝም ብሎ መቀመጡ ግን ለሳቸው የባሰ አደጋ ነው ብዬ አምናለሁ።»

ኦቦ ጉዲና ቀና ብለው አዩኝ። ጋሽ አያሌው አዩኝ። ለሊሴ አላየችኝም፤ እጇ ግን እንደነበረ ደረቴ ላይ ነው። የተዘጋጀ ንግግር አልነበረኝም። ትዋሻለች እንዳልል ሴትየዋ አልዋሸችም። ቤቴ ውስጥ የሚፈራው አንድ ሰው ብቻ እንዳልሆነ ደግሞ በዚያ እጅ በኩል ይሰማኝ ነበር።

«እመጣለሁ» አለ አንድ ሰው። ድምፁ ቀጭን ስለነበር ማን ነው ብዬ ልዞር ነበር። እኔ ነኝ።

ጋሽ አያሌው ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው አፍንጫቸውን ጠረጉ። ኦቦ ጉዲና «ገላተ ዋቃዮ» አሉ፤ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይሁን። ሁሉም ነገር ያለቀ ሲመስል ለሊሴ ስልኩን ከጠረጴዛው አንስታ አፏ አጠገብ ያዘችው።

«ዶክተር፣ ባለቤቱ ነኝ። በካሜራ ነው አሉ የምታዪው?»

«አዎ ወይዘሮ ለሊሴ፤ በካሜራ ነው። ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይታያል።»

«ልቡንም ታዪዋለሽ?»

«ልቡንም አየዋለሁ።»

«እንግዲያው ካየሽው አይቀር፣ ሴት ካለችበት ንገሪኝ።»

ኦቦ ጉዲና እንኳ ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አስጠግተዋል።

«ካለች» አለች ዶክተሯ ረጋ ብላ፣ «እዚያው አቃጥላታለሁ።»

«ለማክሰኞ ያዢልን» አለች ለሊሴ።